የባልዲዋ ሴትዮ ፊት

«በእጅ ተቆጥሮ ነው እኮ የተወሰነው፤ ማንም ማንንም አላስገደደም» አለች ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ከፊቴ የቆመችው ሴትዮ ለጓደኛዋ። «ለባልዲዋ ሴትዮ የባለቀለሟ ፊት ይሁን ተባለ። እኔም እጄን አወጣሁ።» ባለቀለሟ ማለት እኔ ነኝ። ልብስና ክር ስነክር ያረጀሁት፣ ጥፍሮቼ ክረምት ከበጋ ጠቁረው የሚኖሩት፣ ዘንቢሌን ይዤ ከኋላዋ ተጠግቼ የቆምኩት እኔ። ብርዱን ፈርቼ እስከ አፍንጫዬ በሻርፕ ስለተጠቀለልኩ አላወቀችኝም። ጓደኛዋ ሳቀች፤ «አበጃችሁ!» አለች። ከዚያ ሁለቱም ዳቦው ዋጋው ሳይቀንስ እሱ ብቻ እንዴት እንዳነሰ፣ ትናንት የገዙት መሃሉ ባዶ እንደነበር ማውራት ጀመሩ። ወይ ጉድ! በእኔ ፊት ላይ ተፈርዶ አልቆ ወሬው ዳቦ ላይ ደርሷል። ተራዬ ሲደርስ ስንት ዳቦ እንደምፈልግ ጠፋኝና ባለዳቦ ቤቱ ሁለቴ ጠየቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ሠዓሊ ነው፤ የሰፈሩ ኮሚቴ ደግሞ ከጎርፍ ቦዩ አጠገብ ያለውን የአሮጌውን መጋዘን ረጅም ግድግዳ «ሰፈር የሚለውጥ ሥዕል ሣልበት» ብሎ ሰጠው። መስጠቱስ ባልከፋ፤ ባለፈው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አበባና ወፍ ሥሎ እዚያ የሚሸናው ወንድ ሁሉ አፍሮ ቦታ ቀይሯል፣ ይህን እኔም አልክድም። የአሁኑ ሥዕል ግን ሰው የሞላበት ነው። ዛፍ የሚተክል አለ፣ መንገድ የሚጠርግ አለ፣ ለልጆች መጽሐፍ የምታነብ ሴት አለች፤ መጨረሻው ጥግ ላይ ደግሞ ጎንበስ ብላ ቆሻሻ ውሃ በባልዲ ቦዩ ውስጥ የምትደፋ ሴትዮ አለች። መጥፎ ምሳሌ መሆኗ ነው። ወንድሜ ፊት የሚሥለው መጨረሻ ላይ ነው። ገላውን፣ ልብሱን፣ እጁን ሁሉ ጨርሶ ፊቱን እንደ እንቁላል ባዶ ይተወዋል፤ ከዚያ «ና ቁምልኝ» ይላል። ሰውየው እዚያው ፊት ለፊቱ ካልቆመለት አይሆንለትም፤ ፎቶ ብትሰጡት ያበላሸዋል። ይህን ጠባዩን ሰፈሩ ስለሚያውቅ፣ ባዶ ፊቶቹ ግድግዳው ላይ ከታዩ ወዲህ እንቅልፍ ያለው ሰው ጠፋ።

ፀጉር አስተካካዩ ዛፍ ተካዩን ልሁን ብሎ ስንት ተለማመጠ፤ የኮሚቴው ሊቀመንበር ቀድሞ ይዞታል። ስለዚህ መጥረጊያውን ሰጡት፤ የቆረጠውን ፀጉር በፌስታል ቋጥሮ ቦዩ ውስጥ የሚወረውር ሰውዬ! ባለምግብ ቤቷ ገልጣ የማታውቀውን መጽሐፍ ይዛ በልጆች ተከባ ቁጭ አለች፤ ከእቃ እጥበቷ የሚወርደው ቅባት ቦዩን ስንቴ ደፍኖታል። ሊቀመንበሩም ዛፉን እየተከለ ፈገግ ብሏል፤ ጋራዡ የሚያፈሰው የተቃጠለ ዘይት የነካው መሬት ግን ሣር እንኳ አያበቅልም። እኔም እደፋለሁ፣ ውሸት አልናገርም። የነከርኩበትን ውሃ የት ላድርገው፣ ልጠጣው? የፍሳሽ መስመር እንደሆነ እኛ ሰፈር አልደረሰ። ልዩነቱ የእኔ ውሃ ቀለም አለው። አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ ሆኖ ሲወርድ ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል፤ የእነሱ ጥቁር ውሃ ላይ የተጨመረ ጥቁር ነው። እናም ለባልዲዋ ሴትዮ የሚቆም ሲፈለግ ሁሉም ሸሸ፤ ሲቸግራቸው ስብሰባ ጠርተው ድምፅ ሰጡበት። ለሰው ፊት ድምፅ ሲሰጥ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ምረቃው ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ነው።

ቤት ስገባ ወንድሜ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ቁርስ ይጠብቃል። ቤታችን ሁለት ክፍልና አንድ ግቢ ነው፤ ግቢውን በርሜሎቹና የልብስ ማስጫው ገመድ ወስደውታል፣ ወንድሜ የሚያድረው ከጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ነው። ባለቤቴ ጓንቱን አጥልቆ በርሜል ሲያማስል ቀና ብሎ አየኝና ቶሎ አጎነበሰ። እሱም ያውቃል ማለት ነው። ዳቦውን ቆርሼ ሻይ ቀዳሁ። «ስብሰባው እንዴት ነበር?» አልኩት ወንድሜን። «ደህና ነበር።» «ብዙ ሰው መጣ?» «መጣ መሰለኝ።» ስኳር አልጨመርኩለትም፤ እሱም አልጠየቀም፣ እንዲሁ መራራውን ጠጣው። ይህ ልጅ እኮ ጀርባዬ ላይ ያደገ ነው። እናታችን እዚሁ ግቢ በርሜል ስታማስል እኔ አዝዬው እዞር ነበር፤ የመጀመሪያ ሥዕሉንም የሣለው በእኛው ቀለም በተነከረ ጣቱ ነው። «እትዬ፣ እንዲህ ተባለ» ለማለት ምን ቆረጠው? እኔም እልህ ያዘኝና አላነሳሁበትም፤ ራሱ ይንገረኝ ብዬ። ብሩሾቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለ።

«እትዬ፣ ከሰዓት ትመጫለሽ?»

«ምን ልሠራ?»

«እንዲያው» ብሎ ሄደ።

ባለቤቴ ከበርሜሉ ሳይርቅ «ያልፋል» አለ። ለእሱ ሁሉም ነገር ያልፋል፤ ዝናብም ያልፋል፣ የቤት ኪራይም ያልፋል፣ ሚስቱን ግድግዳ ላይ መስቀልም ያልፋል። «በቀለም የተሣለ ነገር አያልፍም!» ብዬ ጮህኩበት። እውነቴን ነው። ነገ ተነገ ወዲያ ዳቦ ልገዛ በዚያ ሳልፍ፣ ከነባልዲዬ ግድግዳው ላይ ነኝ። ልብሱን የሚያስነክረው ደንበኛዬ መጥቶ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፤ ከዚያ በኋላ የልጁን ቀሚስ ለእኔ ይሰጣል? ልጆች እንኳ ስም ያወጡልኛል። ከሞትኩ በኋላም እዚያው ጎንብሼ ስደፋ ልኖር ነው። ሻርፔን አንስቼ ወጣሁ፤ «ወዴት ነው?» ሲለኝ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት።

ሊቀመንበሩን ጋራዡ ውስጥ አገኘሁት። ለምረቃው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ጫማውን ዘይት እንዳይነካበት በካርቶን ላይ ቆሞ ንግግሩን ይለማመዳል። «ኪነ ጥበብ ማኅበረሰብን ይለውጣል» ይላል ለመኪናዎቹ። ሲያየኝ እጁን ዘረጋ፣ «ኦ እናቴ፣ እንኳን ደህና መጡ!» በዕድሜ አባቴ ሊሆን ምንም ያልቀረው ሰውዬ እናቴ ሲለኝ ደሜ ፈላ። የሰማሁትን ነገርኩት። ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ሳይደነግጥ፣ እውነት ነው አለኝ።

«ክፉ አስበን እንዳይመስልዎት። ምሳሌ ነው። ሰው ካላፈረ አይለወጥም፤ ለማፈር ደግሞ የሚያውቀውን ፊት ማየት አለበት።»

«ታዲያ እርስዎን ለምን አያይም? እርስዎንም ያውቅዎታል። ይሄ ዘይት የት ነው የሚሄደው?»

ካርቶኑን አየ፣ ወለሉን አየ። «የእኔ እኮ አይታይም። የእርስዎ ግን ከማዘጋጃ ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር ቦዩን ሰማያዊ አድርጎ ያዋርደናል። ደግሞ እኔ አይደለሁም፣ ድምፅ ነው። ሕዝብ ነው የወሰነው። ወንድምዎም እዚያው ነበር፤ ይጠይቁት።»

«እጁን አወጣ?»

«እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ነበር» አለ ሊቀመንበሩ፣ «ቀለም ነክቶት።»

ከእሱ ጋር መጨቃጨቅ ውሃ መውቀጥ ሆነብኝ። ስሄድ ግን አንድ ነገር መጣልኝ። ጋራዥም ምግብ ቤትም የሌለው፣ ለእውነት የሚቆም አንድ ሰው ባገኝ፣ የሰጠሁትን ድምፅ አንስቻለሁ ቢልልኝ፣ ሌላውም ሊያፍር ይችላል። ከቦዩ ታች ያሉት ቤቶች ትዝ አሉኝ። እዚያ የመንትዮቹ እናት አለች፤ ልብስ እያጠበች የምትኖር፣ አንገቷን ደፍታ የምታልፍ ሴት። ለሠርግ የምትለብሰውን ቀሚስ አንዴ ነክሬላታለሁ። ቁልቁል ወረድኩ። ቤቷ አንድ ክፍል ናት፤ በሯ ከቦዩ አንድ እርምጃ ቢሆን ነው። ወለሉ እርጥብ ስለሆነ አልጋው በብሎኬት ላይ ከፍ ብሏል፣ ጫማዎቹ ሁሉ መስኮት ላይ ተደርድረዋል። እሷ ሁለቱን ሴት ልጆቿን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ እግራቸውን በሳፋ ታጥባለች። ተቀመጪም አላለችኝ። የመጣሁበትን ስነግራት እጇን ከሳፋው ሳታወጣ ሰማችኝ።

«እትዬ፣ ስምዎን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አለች።

ሰው ሲቆጣ «አንተ»፣ «አንቺ» ይላል፤ እሷ ግን አልተቆጣችም፣ «እርስዎ» እያለች፣ እያከበረች ነው የምትወጋኝ። «የሌላውም እንደሚወርድ አውቃለሁ፤ ሌሊት በሬ ሥር ሲገባ እኮ የምጠርገው እኔ ነኝ። ግን ይህን ቤት የሚያከራዩኝ ሊቀመንበሩ ናቸው። የጠረጴዛ ልብሷን እንዳጥብ የምትሰጠኝ ባለምግብ ቤቷ ናት። የእነሱን ስም ባነሳ ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ?» የአንዷን ልጅ እግር ከሳፋው አውጥታ በፎጣ ያዘችው። «እርስዎን ግን አልፈራዎትም። ስለዚህ እርስዎን አልኩ።»

እግሩን አየሁት። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰማያዊ ነው፤ በጣቶቿ መሃል ቆዳው ተልጦ ቆስሏል። ሰማያዊውን አወቅኩት። ሰሞኑን የነከርኩት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው፤ ቀለሙ እንዲይዝ ጨው የጨመርኩበት፣ ደንበኛው እንዴት አማረ ያለኝ፣ እኔው የበጠበጥኩት። አፈርኩ። ማፈሬ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ፤ የመጣሁት የሚቆምልኝ ሰው ፍለጋ ነበራ! «ይማርልሽ» እንኳ ሳልላት ወጣሁ። ዳገቱን ስወጣ ከላይ ነጠብጣብ ዘይት ተንሳፍፎ ሲወርድ አየሁና ለራሴ «ይኸው! ይኸው!» አልኩ፤ ግን የሚሰማኝ አልነበረም፣ የልጅቷም እግር ከዓይኔ አልጠፋልኝም።

ቤት ገብቼ ጓንቴን አጠለቅኩ። አልሄድም አልኩ። መንገድ ላይ የገባኝ ነገር ነበር፤ እኔ ካልቆምኩለት ወንድሜ መሣል አይችልም። ሺህ እጅ ቢወጣ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በሙሉ ቢመጣ፣ ያቺ ሴትዮ ፊቷ እንቁላል እንደሆነ ትቀራለች። ይህን ሳስብ ደስ አለኝ፤ እንዲያውም ለብቻዬ ሳቅሁ፣ ባለቤቴ በጎን ዓይኑ አየኝ። ከሰዓት ድምፅ ማጉያው ተጀመረ። ሙዚቃው፣ ከዚያ የሊቀመንበሩ «ማኅበረሰብን ይለውጣል»፣ ከዚያ ጭብጨባ። እኔ አማስላለሁ። ባለቤቴ ያማስላል። ጥቁር ካፖርት ነበር የምንነክረው፤ ከባድ ነው፣ ውሃ ሲጠጣ ክንድ ይገነጥላል። ጭብጨባው እንደገና መጣ፣ አሁን የበፊቱ እጥፍ። ወዲያው ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች፣ ፊቷ በርቶ።

«ወጣሽ እኮ!» አለችኝ። «ቁርጥ አንቺን! ያ ወንድምሽ እጁ ይባረክ!»

ጓንቴን ሳላወልቅ ነው የሮጥኩት። ከመጋዘኑ ፊት ሰው እንደ ጉድ ተሰብስቧል፤ እንግዶቹ ወንበር ላይ ናቸው፣ ፊት የተሣለላቸው ሁሉ ከየምስላቸው ሥር ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። ሲያዩኝ መንገድ ለቀቁልኝ። አንዱ «መጣች፣ መጣች» አለ፣ ሳቅም ሰማሁ። ወንድሜ መሰላሉ ላይ ነው። ቀና ብዬ የባልዲዋን ሴትዮ አየሁ።

እኔ አይደለሁም። የግራ ዓይኗ ቆብ ትንሽ ወረድ ብሏል። ሻሿ ከኋላ ሳይሆን ከጎን ተቋጥሯል። አገጯ ላይ፣ ስትናደድ የሚጎደጉደው ያ ስርጉድ አለ። እናቴ ናት። ከሞተች ስንት ዘመኗ፤ ሰዉ ረስቷታል፣ እኔ ደግሞ ሳረጅ እሷን እየመሰልኩ ስለመጣሁ እኔ የሆነች መስሏቸው ያጨበጭባሉ። እናቴ! ሐዘን የደረሰበት ሰው ልብሱን ጥቁር ለማስነከር ሲመጣባት ዋጋ ተቀብላ የማታውቀው፣ የዚህን ሰፈር ግማሽ ለቅሶ በነፃ ያለበሰችው ሴት፣ ከነባልዲዋ መጥፎ ምሳሌ ሆና ተሰቅላለች።

«ውረድ» አልኩት።

ወረደ። ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ ምን ላድርግ» አለኝ። «ሌላ ሰው በቃሌ መሣል አልችልም። አንቺን ነይ ቁሚልኝ ማለት አቃተኝ፤ ጠዋት ልልሽ ነበር፣ አፌ ተሳሰረ። ሰዉ ደግሞ እየጠበቀ ነው። ዓይኔን ስጨፍን የመጣችልኝ እሷ ናት። አንቺን ላተርፍሽ ብዬ ነው። የሞተ ሰው አያፍርም ብዬ…»

በጥፊ ባቀምሰው ደስ ባለኝ። ግን እንባው ሽፋሽፍቱ ላይ ቆሟል፤ ቀን ሙሉ የረገምኩት ሰው የሆነ ጊዜ ጀርባዬ ላይ የሚያንቀላፋው ልጅ ሆኖ ታየኝ፣ ይህም አናደደኝ። «እኔ አፍርላታለሁ» አልኩት። «አጥፋት።»

ሊቀመንበሩ ሰምቶ እየተጣደፈ መጣ። «እናቴ፣ ተመርቋል እኮ! ጋዜጠኛም አለ! ድምፅ የተሰጠበትን ነገር—»

«እናትህ እኔ አይደለሁም። ድምፅ የሰጣችሁት ለእኔ ፊት ነው፤ ይኸው ይዤው መጥቻለሁ።» ወደ ወንድሜ ዞርኩ። «አጥፋትና እኔን ሣል።»

ወንድሜ ቀለም የሚያስለቅቀው ተርፔንታይን የነካ ጨርቅ አነሳ። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር፤ እናቴ በአንድ ጠረጋ ሄደች፣ ሻሿ፣ ዓይኗ፣ ስርጉዷ። ሁለተኛዋን ጊዜ ስናጣት ነው፣ ሁለታችንም አውቀናል። ሙዚቃውን አጥፉት አልተባለም፣ ራሱ ጠፋ። ከዚያ ግድግዳውን ጀርባዬ አድርጌ፣ ሰዉን ፊት ለፊቴ አድርጌ ቆምኩ። ጓንቴ ላይ ያለው ጥቁር ውሃ ጫማዬ ላይ ይንጠባጠባል። ወንድሜ ብሩሹን ይዞ ተጠጋና ሲሥል ለማንም እንደሚለው «ቀና በይልኝ» አለኝ።

ቀና አልኩ። «ጎንበስ ያለች ናት፣ ዓይኗ ወደ ባልዲው ነው» አለ ሊቀመንበሩ ከጎን።

«ወደ ባልዲው እንዳታደርገው» አልኩት ወንድሜን። «ወደ ሰዉ አድርገው። የሚያልፈውን ሁሉ ልየው።»

«እሺ እትዬ» አለና ጀመረ። አንድ በአንድ አየኋቸው። መጀመሪያ ዞር ያለው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ መጥረጊያ ከያዘው ምስሉ ሥር ሸርተት ብሎ ሰው ኋላ ገባ። ባለምግብ ቤቷ ስልኳን ማየት ጀመረች። ጠዋት ዳቦ ሰልፍ ላይ ከፊቴ የነበረችው ሴትዮ አወቀችኝ መሰለኝ አፏን ያዘች። ሊቀመንበሩ እንግዶቹን ለስላሳ ወዳለበት ድንኳን ይዟቸው ሄደ። ሰዉ ሲሳሳ ከኋላ የመንትዮቹ እናት ታየች፤ አንዷን ልጇን አዝላለች፣ ሰማያዊዎቹ እግሮች በወገቧ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለዋል። እሷ አልሄደችም። ትኩር ብላ አየችኝ። ከሁሉም ያቃተኝ እሷን ማየት ነበር፤ ቢሆንም ወንድሜ እስኪጨርስ ዓይኔን አልሰበርኩም።